ኖት 9ን ልያዘው ወይስ ልቀይረው? የማነብበትም የምሠራበትም እሱ ነው

ቀይ ብዕር፦

ሰላም ናችሁ? ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

የያዝኩት ስልክ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 9 ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው፣ ስክሪኑ 6.4 ኢንች፣ ባትሪው 4000 ሚሊአምፔር ሰዓት፣ ከታች የሚሰካ ብዕር ያለው። በወጣ በዓመቱ ነው እጄ የገባው። ከዚያ ወዲህ እሱ አራት ኮቨር ጨርሷል፣ እኔ ደግሞ ሁለት መነጽር ቀይሬበታለሁ።

ሥራዬ የጽሑፍ እርማት ነው። ደራሲዎች ረቂቃቸውን በፒዲኤፍ ይልኩልኛል፤ እኔ በብዕሩ ቀይ ቀለም መርጬ ስክሪኑ ላይ እሰርዛለሁ፣ እከብባለሁ፣ ኅዳጉ ላይ እጽፋለሁ። ኮምፒውተር አለኝ። ግን እውነቱን ልናገርና የሥራዬን ግማሽ የምሠራው ወረፋ ላይ ቆሜ፣ ትራንስፖርት ውስጥ፣ ወይ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ በጀርባዬ ተንጋልዬ ነው። (ሁለቴ አፍንጫዬ ላይ ወድቋል። 201 ግራም ሲጽፉት ቀላል ነው፤ ከላይ ሲመጣ ግን ሌላ ነው።)

አሁን ነገር ተደራረበብኝ። ባትሪው ጠዋት ሞልቼው ብወጣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ቻርጅ ይለምነኛል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለዓመታት ሌሊቱን ሙሉ ትራስ ሥር ሰክቼው ነው ያደርኩት። ስክሪኑ ላይም የኪቦርዱ ጥላ ቀርቷል፤ ብርሃኑን ሁልጊዜ እስከ ጥግ ከፍቼ ስለምጠቀም ነው። ሶፍትዌሩ ደግሞ አንድሮይድ 10 ላይ ቆሟል።

ይህን ሁሉ ችዬ ልኖር እችል ነበር። ከሁሉም የባሰው ዓይኔ ነው። 47 ዓመቴ ነው። «ቱ» እና «ቲ»ን አስቡ፤ ልዩነታቸው አንዲት ጭረት ወገብ ላይ ናት ወይስ እግር ላይ የሚል ብቻ ነው። ባለፈው ወር አንድ ልብ ወለድ ሳርም «ቤቱን ሸጦ አገር ለቀቀ» የሚለው «ቤቲን ሸጦ አገር ለቀቀ» ተብሎ ተተይቦ አለፈኝ። ይባስ ብሎ ቤቲ የምትባል ገጸ ባሕርይ አለች፤ የሰውየው እህት! ደራሲው ራሱ አግኝቶት ሲደውልልኝ ይስቅ ነበር፤ እኔ ግን አልሳቅኩም።

ስለዚህ፦ 6.7፣ 6.8 ወይም 6.9 ኢንች ወዳለው ልሻገር? ወይስ ይኼንኑ ባትሪ አስቀይሬ ልያዘው? ሰዉ ሁሉ አርጅቷል፣ ይጣል ይለኛል። እኔ ብዕሩን ለምጄዋለሁ፤ ሚሞሪ ካርዱም 256 ጊጋ ሙሉ ረቂቅ ነው፤ የኢርፎን ቀዳዳውንም እወደዋለሁ። ስሜት ይሁን ምክንያት መለየት አቃተኝ።


ወለላ፦

ወንድሜ ምን ያስጨንቅሃል፣ ቀይር! እኔ ከ6.1 ወደ 6.8 ኢንች ስሄድ ዓይኔ በራልኝ ነው የምልህ። አዲሶቹ ስክሪናቸው 120 ኸርዝ ነው፣ በሰከንድ 120 ጊዜ ይታደሳል፤ ገጽ ስትገፋ እንደ ቅቤ ነው የሚንሸራተተው። ብዕር ካልክ ያገለገለ ኖት 20 አልትራ ፈልግ። 6.9 ኢንች ሆኖ 208 ግራም ብቻ ነው፣ ብዕሩ አለው፣ ካርድም ይቀበላል። የኢርፎን ቀዳዳውን እርሳው፤ ያ ዘመን አልፏል።


እናትቦርድ፦

ወለላ፣ ልጁን ገደል አትክተተው። ኖት 20 አልትራ ጥሩ ስልክ ነው፤ ግን የ2020 ልጅ ነው፣ አንድሮይድ 13 ላይ ቆሟል። ከኖት 9 ወደ እሱ መሄድ ከአንድ ጡረተኛ ወደ ሌላ ጡረተኛ መዛወር ነው።

ያገለገለ ስልክ ስትገዙ ሁልጊዜ አንድ ነገር አስሉ። የአፕዴት ዕድሜ የሚቆጠረው ስልኩ ገበያ ከወጣበት ዓመት ነው፤ እናንተ ቤት ከገባበት ቀን አይደለም። ብዕር በሆዱ የያዘው የሳምሰንግ ኤስ22 አልትራ በ2022 ወጣ፤ የተገባለት የደህንነት አፕዴት አምስት ዓመት ነው፣ ማለትም እስከ 2027። ኤስ23 አልትራ እስከ 2028። ኤስ24 አልትራ ግን ሰባት ዓመት ስለተሰጠው እስከ 2031 ይሄዳል። በዓመት የሚለያዩ ሁለት ስልኮች በዕድሜ ሦስት ዓመት ሊራራቁ ይችላሉ። ሻጭ ይኼን አይነግራችሁም።

ቀይ ብዕር፣ ወዳንተ ልምጣ። ሙያዬ ጥገና ነው፤ በቀን ስንት ባትሪ እንደምቀይር አልቆጥርም። ሊቲየም ባትሪ በግምት 500 ያህል ሙሉ ዙር ቻርጅ ከሄደ በኋላ አቅሙ ወደ 80 ፐርሰንት ይወርዳል የሚባለው የተለመደ ልክ ነው። አንተ በየቀኑ ስትሞላው ከ2000 ዙር በላይ ሄደሃል፤ ያውም ትራስ ሥር! ባትሪን የሚገድሉት ሁለቱ ነገሮች ሙቀትና 100 ፐርሰንት ላይ ለረጅም ሰዓት መቆየት ናቸው፤ አንተ ሁለቱንም በአንድ ሌሊት አጣምረህ ሰጠኸው። እስከ ዛሬ መድረሱ ራሱ ምስጋና ይገባዋል። ባትሪ ቢቀየርለት ቀኑን ሙሉ ይውላል።

የኪቦርዱ ጥላ አይድንም። ኦሌድ ስክሪን ላይ እያንዳንዷ ነጥብ የራሷን ብርሃን ስለምታወጣ ብዙ የበራው ቦታ ቀድሞ ይደክማል። ኪቦርዱን ጥቁር አድርገው፣ ብርሃኑን ቀንሰው፤ እንዳይብስ ይረዳል። ስክሪን ማስቀየር ግን አልመክርህም፤ ያኔ ነው ስሌቱ የሚፈርሰው።

የሚያሳስበኝ ባንክህ ነው። ለዚህ ስልክ የደህንነት አፕዴት ከ2022 ወዲህ ቆሟል። ስልኩ ነገ ጠዋት ይጠለፋል ማለት አይደለም፤ ግን የታወቀ ቀዳዳ ቢገኝ የሚደፍንልህ የለም። ክሮምም በ2025 አንድሮይድ 8ንና 9ን ጥሎ ሄዷል፤ 10 አሁን ከታች የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው የቆመው። ረቂቅ ለማንበብ ምንም አይደለም። ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ አፕ ግን ከእሱ አውጣ።


ልኬት፦

ሁላችሁም ኢንች ኢንች ትላላችሁ። ጠያቂው ግን ያለው «ፊደል አልታየኝም» ነው፤ እና ኢንች ስለዚያ የሚናገረው በጣም ጥቂት ነው።

ኢንች የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ፣ በሰያፍ ነው። ስልኮች ባለፉት ዓመታት ቁመት ጨመሩ እንጂ ወርድ አልጨመሩም ማለት ይቻላል፤ ቀጥነው ረዘሙ። ኖት 9 የጎኖቹ ምጥጥን 18.5 ለ9 ነው። ይህ በ6.4 ኢንች ሲሰላ የስክሪኑ ወርድ 71 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አሁን በየቦታው የምታየውን 6.7 ኢንች በ20 ለ9 ስልክ አስላው፤ 70 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። አዎ፣ በትክክል ነው ያነበብከው። «ትልቁ» ስልክ ካንተው ይጠብባል። 6.9 ኢንች በ19.5 ለ9 ብትሄድ 73 ሚሊ ሜትር ታገኛለህ። ሁለት ሚሊ ሜትር!

ለምን ወርዱ? ፒዲኤፍ እንደ ድረ ገጽ ጽሑፉን በስክሪኑ ልክ አይደረድርም። ገጹን እንዳለ፣ እንደ ፎቶ አሳንሶ ነው የሚያስገባው። ኤ4 ወረቀት 210 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። እሱን 71 ውስጥ ስታስገባው ወደ ሲሶው ገደማ ይወርዳል፤ በ12 ነጥብ (የፊደል መጠን መለኪያው ማለቴ ነው) የተተየበ ጽሑፍ ያንተ ስክሪን ላይ 4 ነጥብ ሆኖ ይታያል። 4 ነጥብ የመድኃኒት ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ከሚገኘው ወረቀት ያንሳል። ባለ 6.9 ኢንቹን ስትገዛ ስንት ይሆናል? 4.2 ነጥብ። ስልክ የምትቀይረው ለዚች 0.2 ነጥብ ነው።

አሁን ደግሞ ምንም ሳትገዛ፦

ረቂቆቹ ግራና ቀኝ 25፣ 25 ሚሊ ሜትር ባዶ ኅዳግ ይኖራቸዋል ብዬ ልገምት። ኅዳግ የሚቆርጥ ፒዲኤፍ ማንበቢያ ተጠቅመህ ብታስወግደው 160 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው ወደ 71 የሚገባው፤ ፊደሉ 5.3 ነጥብ ይሆናል። የትኛውም አዲስ ስልክ ከሚሰጥህ ይበልጣል። ስልኩን አጋድመህ ብትይዘው ደግሞ ወርዱ 146 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ገጹ ኅዳጉ ሳይቆረጥም 8 ነጥብን ያልፋል። በአንዴ የሚታይህ የገጹ ቁራጭ ነው፤ ግን እርማት የሚሠራው መስመር በመስመር አይደለም እንዴ?

ሌላ አንድ ነገር፣ ምናልባት ዋናው። ኖት 9 ከፋብሪካ ሲወጣ ስክሪኑ በሙሉ አቅሙ አይደለም የተዘጋጀው፤ ባትሪ ለመቆጠብ ወደ 2220 በ1080 ዝቅ ተደርጎ ነው። ሙሉ አቅሙ 2960 በ1440 ነው። ሴቲንግ፣ ዲስፕሌይ፣ ስክሪን ሬዞሉሽን ግባና እይ። በ1080ው ያቺ የ4 ነጥብ ፊደል ቁመቷ በ21 ነጠብጣብ ነው የምትሣለው፤ በከፍተኛው በ28። የ«ቱ» ጭረት የምትጠፋው እዚያ መሃል ይመስለኛል።


ቀይ ብዕር፦

በመጀመሪያ፦ ወንድማችሁ አይደለሁም፣ እህታችሁ ነኝ። ጥፋቱ የናንተ አይደለም፤ ብዕር ጾታ የለውም።

ልኬት፣ ማስመሪያ ይዤ ስክሪኔ ላይ ለካሁ። 71 ነው። ከዚያ የእህቴን ልጅ ባለ 6.7 ኢንች ስልክ ተቀብዬ ለካሁ፤ ልክ እንዳልከው 70 አይሞላም። ልጁ «አክስቴ ምን እያደረግሽ ነው?» አለኝ፤ ብነግረው ስልኩ አነሰበት መሰለኝ ደስ አላለውም።

ሬዞሉሽኑ። ገብቼ አየሁት፤ እውነትም 1080ው ላይ ነው የተቀመጠው። ስድስት ዓመት! ወደ ላይኛው አደረግሁትና ያንኑ የቤቲን ገጽ ከፈትኩ። እንደ አዲስ ስልክ ነው አልልም። ግን ያቺ ጭረት ነጠላ ጭረት ሆና ታየችኝ፤ ድሮ ትንሽ ጉም ነበረች። በዚያ ላይ ኅዳጉን ስቆርጠው ሳቄ መጣ፤ ሰው ስልክ ሊገዛ ሲዘጋጅ ኅዳግ ቆረጠ።

ሆኖም አንድ ችግር አለ፦ እኔ የምጽፈው ኅዳጉ ላይ ነው። ስቆርጠው የምጽፍበት ቦታ ጠፋ። አሁን እያነበብኩ ስህተቱን ብቻ እከብባለሁ፤ ኅዳጉን መልሼ ደግሞ ማስታወሻውን እጽፋለሁ። ሁለት ዙር ሆነ። ይገርማችኋል፣ ሁለተኛው ዙር ላይ መጀመሪያ ያመለጠኝን አገኛለሁ።

እናትቦርድ፣ ባትሪውን ላስቀይር ነው። ግን ሲከፈት ውኃ የማያስገባው ነገሩስ? ደግሞ ታጣፊ ስልኮቹን ማንም አላነሳም፤ ስፋት ከሆነ ጉዳዩ እነሱ አይሻሉም?


ሁለት እጥፍ፦

ታጣፊ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ልመልስ። ባለ 7.6 ኢንች የሳምሰንግ ፎልድ ነው። ሲከፈት ወርዱ 12 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው፤ በልኬት ስሌት የ12 ነጥቡ ጽሑፍ 7 ነጥብ ይሆናል ማለት ነው። ለንባብ ሌላ ዓለም ነው፣ አልዋሽሽም።

ለአንቺ ግን አልመርጠውም፤ ምክንያቱም ብዕሩ። የውስጡ ስክሪን ለስላሳ ነው፤ የኖትሽ ብዕር ለእሱ አልተሠራም፣ ሊያበላሸውም ይችላል። ለፎልድ ተብሎ የተሠራ፣ ጫፉ ልስልስ ያለ ብዕር አለ፤ እሱም ስልኩ ሆድ ውስጥ ስለማይገባ ተነጥሎ ነው የሚያዘው። እኔ ሁለት ጥዬ ትቼዋለሁ። በ2025 የወጣው ፎልድ 7 ደግሞ ጭራሽ ብዕር መቀበል ትቷል። መሃል ላይ ያለው የእጥፋቱ ሸንተረርም በብዕር ስታልፊበት ይሰማል። አንባቢ ብቻ ብትሆኚ «ሂጂበት» እልሽ ነበር።


እናትቦርድ፦

እህቴ፣ ይቅርታ፤ «ልጁ» ማለቴ ለወለላ ነው የሚቆጠረው።

ውኃውን በተመለከተ፦ የጀርባው መስተዋት በሙጫ ነው የተያዘው፤ በሙቀት አላቅቀን ነው የምንከፍተው። የፋብሪካው ሙጫ አንዴ ከተነሳ የውኃ መከላከያው አበቃ ብለሽ አስቢ። ጥሩ ሠራተኛ አዲስ ሙጫ ያደርግበታል፣ አቧራና ጠብታ ይመልሳል፤ ግን ባሊ ውስጥ ከትተሽ አትሞክሪው። ስድስት ዓመት ያረጀ ሙጫም ድሮውኑ እምነት የሚጣልበት አልነበረም።

ከውኃው ይልቅ ሌላውን ጠብቂ። ያንቺ ስልክ የጣት አሻራ ማንበቢያው ጀርባው ላይ ነው፤ ከጀርባው መስተዋት ወደ ውስጥ የሚሄድ ቀጭን ሪባን አለው። ቸኩሎ ጀርባውን የሚገነጥል ሰው ይበጥሰዋል፤ ከዚያ አሻራ ደህና ሁን። ሠራተኛውን «የአሻራውን ሪባን ታውቀዋለህ?» ብለሽ ጠይቂው። ፊቱ ላይ መልሱን ታገኚያለሽ። ስልኩን ስትሰጪ ብዕሩን አውጥተሽ ኪስሽ ክተቺ። «5000 አለው» የሚል ባትሪ ቢያሳይሽ ደግሞ አመስግነሽ ውጪ፤ ለ4000 በተሠራ ጉድጓድ ውስጥ 5000 የሚያስገባ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ የሚቀየረው የተለጠፈው ቁጥር ነው።

ከመስጠትሽ በፊት ግን ካርዱን እይው። ሴቲንግ ውስጥ ሚሞሪ ካርዱን «ኢንክሪፕት» አድርገሽው ከሆነ ካርዱ የሚነበበው እዚያው ስልክ ላይ ብቻ ነው። ስልኩ ቢሞት ወይም ሪሴት ቢደረግ ያ ሁሉ ረቂቅ ተቆልፎ ይቀራል። መጀመሪያ ፍቺው፣ ኮምፒውተር ላይ ገልብጪው። ካርዱን አውጥቶ ሌላ ስልክ ላይ ሰክቶ «ባዶ ነው» ሲባል ያለቀሰ ሰው ፊቴ ቆሞ አይቻለሁ።


ወለላ፦

እሺ ተሸነፍኩ። ግን 120 ኸርዙ እውነት ነው።


ቀይ ብዕር፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ፤ ጠይቆ የሚጠፋ ሰው አልወድም።

ካርዱ ተቆልፎ ነበር! መቼ እንዳደረግኩት አላውቅም። ሌሊቱን ሙሉ ሲፈታ አድሮ ጠዋት ገለበጥኩት። እናትቦርድ፣ ለዚህ ብቻ ዕዳ አለብኝ።

ባትሪው ተቀየረ። የመጀመሪያው ሠራተኛ ስለ ሪባኑ ስጠይቀው «የቱ ሪባን?» አለኝ፤ ስልኬን ይዤ ወጣሁ። ሁለተኛው ሳልጨርስ «የአሻራው ነው?» አለ፤ ተቀመጥኩ። አሁን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ 30 ፐርሰንት ይቀረኛል፤ ያውም በከፍተኛው ሬዞሉሽን። ትራስ ሥር ማሳደር ትቻለሁ፤ እራት ስሠራ እሰካውና 80 ሲደርስ እነቅለዋለሁ። አንዳንዴ እረሳለሁ።

ባንኩንና ሲም ካርዱን አወጣሁለት። ለእነሱ ትንሽ፣ አፕዴቱ ገና ብዙ ዓመት የሚቀረው ስልክ ያዝኩ፤ ስክሪኑ 6.1 ኢንች ነው፣ በአንድ እጅ ይያዛል። ትልቅ ስክሪን ፍለጋ ጀምሬ ትንሽ ስልክ ገዝቼ ጨረስኩ። ሁለት ስልክ መያዝ ቦርሳ ያከብዳል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቴ አንዱን ረስቼ ወጥቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ የተረሳው ትንሹ ነው። ኖቱ ግን ስለማይጮህ፣ ማንም ስለማይደውልበት፣ ሳነብ ማንም አያቋርጠኝም። ይኼን አላሰብኩትም ነበር።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። የብዕሩ ጫፍ ተበልቷል፤ ስክሪኑ ላይ ይሻክራል። ስልኩ ሲመጣ ካርቶኑ ውስጥ መለዋወጫ ጫፎች ነበሩት፣ አገኘኋቸው፤ የሚነቀልበት ትንሽ መቆንጠጫ ግን የለም። በምን ላውጣው?


እናትቦርድ፦

በቅንድብ መንቀያ። ጫፉን አጥብቀሽ ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢው፤ አታጣሚው። አዲሱን በጣትሽ ግፊው፣ ገብቶ ይቆማል።


ቀይ ብዕር፦

ወጣ። ገባም። አመሰግናለሁ፤ 214 ገጽ ይጠብቀኛል።